ነጋዴው ይነግድ፥ ገበሬውም ይረስ

የቋራው ካሣ ኃይሉ ገና በሽፍትነት ሳሉ ከዘረፋ ያገኙትን ገንዘብ ማረሻ ይገዙበት ዘንድ ለድሆች ገበሬዎች ማደላቸውን በታሪካቸው እናነባለን። ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ቢሰድቧቸውም፥ በ1847 ዓ.ም. በሰሜን፥ በደረስጌ ማርያም፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ነጋዴው ወደ ንግዱ፥ ገበሬውም ወደ እርሻው እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ።

ዳሩ ግን ብዙውን ሠራዊት በደመወዝ ለማሳደር ቢያስቡም የመንግሥቱ ገቢ አልበቃም፤ ስለዚህ ወታደሩ ከዚያው ገበሬ ጎተራ ይበላ ነበር። አገሩ እየከዳቸው ሲሄድ፥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነነጋዴዎቿ አዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ። ማረሻ መግዣ የሰጠች እጅ እሳት ለኰሰች። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ከጎናቸው የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ መልካም ዐዋጅ ስንቅ ካልተሰናዳለት የሚጎዳው ሊጠብቀው የወጣለትን ሰው መሆኑን ከዚህ እንማር።