የአየር ንብረት ፖሊሲ የመጨረሻው ምዕራፍ ሆኖ አይቅር

የመጀመሪያ ዲግሪዬን በቢዝነስ ዘርፍ ስከታተል የአየር ንብረት ለውጥ የተነሣልን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በሴሚስተሩ የመጨረሻ ሳምንት፣ «የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት» በሚለው ምዕራፍ ሥር ነው። ችግኝ ስለ መትከልና ወረቀት ስለ መቆጠብ ተነገረን፤ ፈተና ላይ ግን አልመጣም። ዛሬ ከድኅረ ምረቃ ትምህርቴ ጎን ለጎን ተማሪዎችን በመልመጃ ክፍለ ጊዜ ሳግዝ ያው ልማድ እንደ ቀጠለ አያለሁ። በእኔ እምነት የአየር ንብረት ፖሊሲ ለቢዝነስ ተማሪ የበጎ ምግባር ማሟያ አይደለም። ወጪን ማን እንደሚሸከምና መቼ እንደሚሸከም የሚወስን ጉዳይ ስለሆነ፣ ቦታው ወጪ በሚሰላባቸው ዋና ዋና ኮርሶች ውስጥ ነው።

ከፋይናንስ እንጀምር። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚደርስን የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ለመከላከል ዛሬ ቢበዛ ስንት ብናወጣ ያዋጣል? መልሱ የሚወሰነው የነገን ብር ወደ ዛሬ ዋጋ በምንመልስበት የቅናሽ ምጣኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኒኮላስ ስተርን ሪፖርት የተመሠረተበት ምጣኔ በአማካይ 1.4 በመቶ ገደማ ነበር፤ በዚህ ምጣኔ መልሱ 500 ሺህ ብር ያህል ይሆናል። የስተርንን ስሌት የተቹት ዊሊያም ኖርድሃውስ ለመጪዎቹ አሥርት ዓመታት የተጠቀሙበት ምጣኔ 5.5 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በዚህ ሲሰላ መልሱ ወደ 69 ሺህ ብር ይወርዳል። በ12 በመቶ ቢሰላ ደግሞ 3,500 ብር እንኳ አይሞላም። በሦስቱም ስሌቶች ጉዳቱ አንድ ነው፤ የሚለያየው ስለ ወደፊቱ ዕድገት ያለን ግምትና ገና ላልተወለደው ሰው የምንሰጠው ሚዛን ነው።

በመልመጃ ክፍላችን ግን ምጣኔው «12 በመቶ ውሰዱ» ተብሎ ከጥያቄው ጋር ይሰጣል። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ «ይህን ቁጥር ማን መረጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰዓቱ ስለ ተጣበበ «ለፈተናው አያስፈልግሽም» ብዬ አለፍኋት። በዚያ መልሴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ በዚያ ሴሚስተር ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ከፖሊሲ ጋር በቀጥታ የተያያዘው እርሱ ነበርና።

ሁለተኛው ምሳሌ ቡና ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ፣ ቡናን ጨምሮ ሰባት ሸቀጦች እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደኑ ከተመነጠረ መሬት አለመምጣታቸው እንዲረጋገጥና የማሳው መገኛ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። የሚተገበርበት ጊዜ ቢራዘምም ዝግጅቱ ዋጋ ማስከፈሉ አይቀርም። አብዛኛው የኢትዮጵያ ቡና የሚመጣው ከአነስተኛ ገበሬዎች ማሳ ነው፤ በመፈልፈያ ጣቢያም የአንዱ እሸት ከጎረቤቶቹ እሸት ጋር ይቀላቀላል። አንድን ጆንያ ቡና ወደ ማሳው ድረስ መልሶ ለመከታተል መዝጋቢ፣ መሣሪያና የተለየ ማከማቻ ያስፈልጋል። ደንቡ ግዴታውን የሚጥለው ሸቀጡን ለአውሮፓ ገበያ በሚያቀርበው ድርጅት ላይ ነው፤ ወጪው ግን በዋጋ ድርድር ወደ ላኪው፣ ከላኪው ወደ ዩኒየኑ፣ ከዚያም ወደ ገበሬው ሊወርድ ይችላል። የወጪ አካውንቲንግ የሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ መልመጃ ከወዴት ያገኛል?

ሦስተኛው ምሳሌ ይበልጥ ቅርብ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። መኪናን በዋስትና የያዘ ባንክ፣ መለዋወጫ ያከማቸ ነጋዴ፣ ጋራዥ ያቋቋመ መካኒክ የንብረታቸውን ዋጋና የአገልግሎት ዘመን ዳግም መገመት ግድ ሆኖባቸዋል። የአካውንቲንግ ተማሪ ግን የእርጅና ቅናሽን ሲማር የአገልግሎት ዘመኑ ተሰጥቶት ያድራል። ፖሊሲ አንድን ንብረት ከዘመኑ በፊት ሊያስረጅ ወይም በተቃራኒው ሊያስወድድ እንደሚችል አይጠየቅም። ማርቲን ዌይትዝማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ያነሡትን ጥያቄ፣ ማለትም መንግሥት ዋጋን ይወስን ወይስ መጠንን የሚለውን፣ ከዚህ ክልከላ ጋር አገናኝቶ ማወያየትም ይቻላል። ክልከላ፣ ታክስና ድጎማ ወጪውን የሚያሳርፉት በተለያየ ትከሻ ላይ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የልቀት ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ሆኖም ከላይ የጠቀስኋቸው ምሳሌዎች ስለ ልቀታችን መጠን ሳይሆን ሌሎችም ሆነ እኛ በምናወጣቸው ደንቦች ምክንያት ስለሚደርስብን ወጪ ናቸው። ሁለተኛው ሥርዓተ ትምህርቱ ሞልቷል የሚለው ነው። አዲስ ኮርስ ግን አያስፈልግም፤ የምጣኔውን፣ የወጪውንና የአገልግሎት ዘመኑን ጥያቄ ቀድሞ በነበረው መልመጃ ውስጥ መክፈት ይበቃል። ሦስተኛውና ከባዱ፣ መምህራን ለዚህ አልሠለጠኑም የሚለው ነው። እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስ፣ የግብርናና የሕግ ትምህርት ክፍሎች ከቢዝነሱ ጋር የጋራ መልመጃዎችን ቢያዘጋጁ ክፍተቱ በከፊል ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ጥሩ መነሻ ነው። ስትራቴጂው እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ተብሎ የተገመተውን ዓመታዊ ልቀት በ150 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ለመግታት ያቅዳል፤ ስለዚህ እንደ ማንኛውም የኢንቨስትመንት ዕቅድ በቁጥር ሊመረመርና ሊተች ይችላል።

ይህ ሁሉ ተማሪውን የግድ ደግ ሰው አያደርገውም። ወጪ እንዴት ወደ ታች እንደሚወርድ በሚገባ የተማረ ባለሙያ ዕውቀቱን ለማውረድም ሊጠቀምበት ይችላል። ነገር ግን ያልተማረው ባለሙያም ወጪውን ያወርዳል፤ ልዩነቱ ማውረዱን አለማወቁ ነው። ነገ በባንክ ብድር የሚያጸድቁት፣ በዩኒየን የቡና ዋጋ የሚደራደሩት፣ በመሥሪያ ቤት ረቂቅ ደንብ የሚያዘጋጁት ዛሬ በክፍላችን የተቀመጡት ተማሪዎች ናቸው። በሚቀጥለው ሴሚስተር መልመጃውን ሳዘጋጅ ምጣኔውን ባዶ ቦታ አድርጌ እተወዋለሁ፤ ተማሪዎቹም ቁጥሩን መርጠው ለምን እንደ መረጡት በአንድ አንቀጽ ያስረዳሉ። ለዚያች ተማሪ የዘገየው መልሴ ይህ ነው።