ደሴቶቹን የመረጠው ማን ነው?

በቂርያት ጋትም ሆነ በሌሎች የእስራኤል ከተሞች፣ በተለምዶ ክሩዝ የሚባለው የመዝናኛ መርከብ ጉዞ የነጻነት ሽርሽር ተደርጎ ይሸጣል፤ ተጓዡም ከሐይፋ ወይም ከአሽዶድ ተሳፍሮ ወደ ቆጵሮስና ወደ ግሪክ ደሴቶች ሲያቀና መንገዱን ያወጡለት የባሕሩ ውበትና የራሱ ምርጫ ይመስሉታል። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱም ጉዳት አለው። መርከቡ በየትኛው ወደብ እንደሚቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ማንን እንደሚያሳፍርና ማንን ከወደብ እንደሚመልስ የሚወስነው በአብዛኛው ሕግ ነው፤ ከነዚህ ሕጎች ዋነኛው ደግሞ ዘብ የቆመው ለሰው ሳይሆን ለሰንደቅ ዓላማ ነው።

ለዚህ ምስክር ለማግኘት ከሐይፋ መራቅ አያስፈልግም። ማኖ የተባለው የእስራኤል የመርከብ ኩባንያ በ2018 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእጁ አስገብቶ የእስራኤል ተጓዦችን ያጓጓዘበት «ክራውን አይሪስ» በ1992 በፊንላንዷ ቱርኩ ከተማ ሲሠራ ስሙ «ሮያል ማጄስቲ» ነበር፤ የፓናማን ሰንደቅ እያውለበለበም ከአሜሪካዋ ቦስተን ወደ ቤርሙዳ ደሴት ይመላለስ ነበር። ቤርሙዳ ውብ መሆኗ አያከራክርም፤ ነገር ግን መርከቡ የአሜሪካን የባሕር ዳርቻ ብቻ እየጎበኘ ወደ ቦስተን መመለስ ቢፈልግ ኖሮ ሕግ ይከለክለው ነበር። ምክንያቱ በ1886 የወጣው የአሜሪካ የመንገደኞች መርከብ አገልግሎት ሕግ ነው። ይህ ሕግ የካቦታጅ ሕግ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ካቦታጅ ማለት በአንድ አገር ሁለት ወደቦች መካከል የሚደረግ ማጓጓዝ ነው፤ በሕጉ መሠረት በአሜሪካ ወደቦች መካከል ሰው ማመላለስ የሚችለው በአሜሪካ የተሠራ፣ የአሜሪካውያን ንብረት የሆነና የአሜሪካን ሰንደቅ የያዘ መርከብ ብቻ ነው። የውጭ መርከብ ተጓዦቹን ወደ ተነሱበት ወደብ የሚመልስ ከሆነ በመንገዱ ቢያንስ አንድ የውጭ ወደብ መንካት አለበት፤ ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ አሳፍሮ በሌላው የሚያወርድ ከሆነ ግን ከሰሜንና ከመካከለኛው አሜሪካ አካባቢ ውጭ ያለ «ሩቅ» የውጭ ወደብ መድረስ ይጠበቅበታል። ቅጣቱ መጀመሪያ በአንድ ተጓዥ 2 ዶላር ነበር፤ በ1898 ወደ 200 ዶላር ከፍ አለ፤ ዛሬ ከ900 ዶላር በላይ ነው።

የሕጉ ደጋፊዎች የአገር ውስጥ መርከብ ግንባታን፣ የአገሬውን መርከበኛና የተጓዡን ደኅንነት ይጠብቃል ይላሉ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የተከማቸው ማስረጃ ግን ይህን አይደግፍም። ዛሬ በአሜሪካ ሰንደቅ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ በ2005 ሥራ የጀመረው «ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ» ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በሚሲሲፒ ተጀምሮ በጀርመን የተጠናቀቀ በመሆኑ እንዲሠራ የተፈቀደለት የአሜሪካ ምክር ቤት ከሕጉ ነጻ ስላደረገው ነው። ደኅንነትን በተመለከተ ደግሞ የ«ሮያል ማጄስቲ» ታሪክ ራሱ መልስ ይሰጣል። ሰኔ 10 ቀን 1995 ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ሲመለስ የጂፒኤስ አንቴናው ገመድ ከተነቀለ ከ30 ሰዓታት በላይ ሆኖት ነበር፤ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ከነበሩት መኮንኖች ግን አንዳቸውም ይህን ሳያውቁ መርከቡ ከመንገዱ 17 ማይል ያህል ወጥቶ በናንታኬት ደሴት አጠገብ ከባሕር በታች ባለ የአሸዋ ቁልል ላይ ተቀመጠ። ከ1,500 በላይ ሰዎች ተሳፍረውበት ሳለ ማንም ሳይጎዳ ቀረ። አደጋውን ያመጣው የ1886ቱ ሕግ ነው ማለት አይቻልም፤ የመርከብ ደኅንነት የሚገዛው በሌሎች ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ነውና። የሚቻለው ይህን ማለት ነው፦ ሕጉ የቦስተን ሰዎች በፓናማ ሰንደቅ ሥር ከመሳፈር አላገዳቸውም፣ የጠየቀው በቤርሙዳ በኩል እንዲዞሩ ብቻ ነበር።

የመዞሩ ነገር ከዚህም የባሰ መልክ ነበረው። በ2001 መጨረሻ ከሃዋይ ይነሳ የነበረው «ኖርዌጂያን ስታር» ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ተጉዞ የኪሪባቲ ግዛት ወደ ሆነችው ፋኒንግ ደሴት ይሄድ ነበር፤ በሃዋይ ደሴቶች መካከል የሚያልፈውን ቀን በባዶ ውቅያኖስ ላይ ያሳለፈው ሕጉ የውጭ ወደብ ስለጠየቀው ነው። ከሲያትል ወደ አላስካ የሚሄዱት መርከቦች ደግሞ የካናዳዋን ቪክቶሪያ ብዙ ጊዜ የሚነኩት በመጨረሻው ምሽት ነው፤ ተጓዡ እራቱን በልቶ ሻንጣውን በሚያዘጋጅበት ሰዓት መርከቡ ወደብ ይይዛል፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም በጨለማ መልሕቁን ያነሳል። ካናዳ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለ2021 ወደቦቿን ለትላልቅ የመዝናኛ መርከቦች ስትዘጋ የአላስካ የጉዞ ወቅት ሊጠፋ ተቃረበ፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ግንቦት የጸደቀ ጊዜያዊ ሕግ አውጥቶ መርከቦቹን ከካናዳ ማቆሚያ ነጻ አደረጋቸው። አንድ ግዴታ ለአንድ ወቅት ተነሥቶ አንድም የአገር ውስጥ መርከብ ካልከሰረ፣ ግዴታው ቀድሞስ ማንን ይጠቅም ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ግሪክም በዚህ መንገድ አልፋለች። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ያለ አገር ሰንደቅ የያዙ መርከቦች ከግሪክ ወደብ አሳፍረው ደሴቶቹን ዞረው እንዳይመለሱ የሚያግደውን ገደብ በ2010 መፍታት ጀመረች፣ በ2012ም የበለጠ አላላችው። ከሐይፋ የሚነሳ መርከብን ይህ ገደብ ያን ያህል አይነካውም፤ ተጓዦቹ የተሳፈሩትም የሚወርዱትም በሐይፋ ስለሆነ ደሴቶቹ ለእነርሱ መጎብኛ እንጂ የጉዞ መነሻና መድረሻ አይደሉም። ስለዚህ ለቂርያት ጋት አንባቢ የካቦታጅ ሕግ ሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእርሱ የሚቀርበው ሌላው የመንገደኞች ሕግ፣ ማለትም የሰነድ ሕግ ነው፤ ይህም በተጓዡ ላይ የሚፈርደው በያዘው ወረቀት ነው።

የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ዜጋ ወደ ሸንገን አገሮች፣ ማለትም ግሪክን ጨምሮ የውስጥ ድንበራቸውን ወዳነሡት የአውሮፓ አገሮች፣ በ180 ቀናት ውስጥ ለ90 ቀናት ያለ ቪዛ ይገባል። የአይሁድ ዘር ያላቸው፣ በዘርዐ እስራኤል ስም የሚታወቁትና ለአይሁዳውያን ዜግነት በሚሰጠው በመመለስ ሕግ ሳይሆን በመግቢያ ሕግ ከኢትዮጵያ የሚገቡት ወገኖች ግን ዜግነት እስኪሰጣቸው ጊዜያዊ ነዋሪዎች ናቸው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም የእስራኤል የጉዞ ሰነድ ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ ስላለ የቪዛ ነጻነቱ አይደርሳቸውም። በአንድ ቤት ልጁና የልጅ ልጁ ፓስፖርት ይዘው አያቲቱ በጉዞ ሰነድ ሊኖሩ ይችላሉ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሰነድ የሌለውን መንገደኛ የሚያመጣ አጓጓዥ እንዲቀጣና መንገደኛውን እንዲመልስ ስለሚያዝ፣ ኩባንያው የድንበር ጠባቂነቱን ሥራ ራሱ ተረክቦ በሐይፋ ያጣራል። መርከቡ በግሪኳ ሮድስ ደሴት የሚቆመው ለስድስት ሰዓት ይሁን ለአሥር፣ አያቲቱ መሰላሉን ሳይረግጡ ሊመለሱ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ቂርያት ጋት የተመሠረተችው በ1950ዎቹ አጋማሽ በላኪሽ የሰፈራ ዕቅድ ነው፤ «ከመርከብ ወደ መንደር» በተባለው በዚያ አሠራር ሐይፋ ወደብ ላይ የወረዱ ስደተኞች የት እንደሚኖሩ ሳይጠየቁ በጭነት መኪና ወደ ደቡብ ይወሰዱ ነበር። ከወደብ ወዲያ ያለውን መንገድ ሌላ ሰው ማውጣቱ በዚህች ከተማ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩን ለጉዞ ወኪሎች ማስታወቂያ መተው አይገባም።

የሚጠየቀውም ግልጽ ነው። መንገደኛን የሚመለከት የባሕር ሕግ የመርከቡን የትውልድ አገር መጠየቁን ትቶ፣ በወደቡ ሰው የሚያሳፍር ማንኛውም መርከብ ለመርከበኛው ምን ደመወዝ እንደሚከፍል፣ ለተጓዡም የወደብ ማቆሚያው ሲሰረዝ ምን እንደሚመልስለት ይጠይቅ፤ የመጀመሪያውን ለማስፈጸም በ2013 በሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት መነሻ ይሆናል። ለኢትዮጵያ ተወላጆች ትኬት የሚሸጥ ወኪል ደግሞ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የእያንዳንዱን ተጓዥ ሰነድ አይቶ፣ የትኛው ወደብ ለማን ክፍት እንደሆነ በአማርኛ ጽፎ የመስጠት ግዴታ ይኑርበት፤ ያን ጊዜ አያቲቱ ወደ ሐይፋ ከመንገላታታቸው በፊት ቤታቸው ሳሉ ያውቁታል፣ ቤተሰቡም ገንዘቡን ሳይከፍል ሌላ ጉዞ ያስባል።