ሙድ ያዘችብኝ ወይስ ሙዴን ወደደችው?

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ማንበብ ስጀምር ፈገግ አልኩ፤ ስጨርሰው ግን ከፋኝ። ጸሐፊው የደምበጫ ልጅ ነው። እኔም የዚያው አገር ልጅ ስለሆንኩ ነገሩ የወንድሜ ጉዳይ ያህል ተሰማኝ።

ልጁ አዲስ አበባ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። መርካቶ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። የሥራ ባልደረቦቹ አነጋገሩን እየቀዱ ይስቁበታል። ሲቆጣ ደግሞ «ምን ያናድድሃል? ሙድ ነው እኮ የያዝንብህ!» ይሉታል። እንግዲህ «ሙድ» የሚባለውን ቃል የተማረው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ቅዳሜ የሚወዳት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር አስተዋወቀችው። ማኪያቶ ታዘዘ፣ ጨዋታው ደራ። ከመሃል አንዷ «ምኑን ነው የወደድሽለት?» ብላ ጠየቀች። እሷም ሳቅ እያለች «ሙዱን!» አለች። ሁሉም ሳቁ። እሱ ብድግ ብሎ ወጣ። ይኸው ሦስት ሳምንት ስልኳን አላነሳም። «በሰው ፊት ቀለደችብኝ። ልርሳት ወይስ ልጠይቃት?» ይላል።

ወንድሜ፣ ከመርሳትህ በፊት ቃሉን እንፍታው!

«ሙድ» እንግሊዝኛ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ልብ፣ ሐሳብና ድፍረት ማለት ነበር። የጀርመኖቹ ዘመድ ቃል «ሙት» ዛሬም ድፍረት ማለት ነው። የዛሬው እንግሊዝኛ ሙድ የጊዜውን ስሜት ይገልጻል። ታዲያ እነሱም ጋ ጣጣ አለው። «ሂ ኢዝ ኢን ኤ ሙድ» ሲሉ ደህና ስሜት ላይ ነው ማለታቸው አይደለም፤ አኩርፏል፣ አትንኩት ማለታቸው ነው። ትምህርት ቤት ያስጨነቀን «ኢምፐራቲቭ ሙድ» ደግሞ ሌላ ነው። እሱ የመጣው «ሞድ» ከሚለው ቃል ሲሆን ትርጉሙ የግስ ስልት ነው። ስልካችን ላይ «ሳይለንት ሞድ» የምንለው የሱ ዘመድ ነው።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ ቃሉ ሦስት ልብስ ይለብሳል።

አንደኛው ስሜት ነው፦ «ዛሬ ሙድ የለኝም» ስንል።

ሁለተኛው ሁኔታ፣ ጠባይ፣ አኳኋን ነው፦ «ሙዱ ይመቻል»፣ «የቤቱ ሙድ ደስ ይላል» ስንል። ይሄ ምስጋና ነው።

ሦስተኛው ማላገጥ ነው፦ «ሙድ ያዘበት»።

እስቲ ይህችን «በት» አስተውሏት! «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»፣ «መሰከረለት» እና «መሰከረበት» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። ሰውየው ላይ የምታርፈው ዱላ ይህቺው «በት» ናት። እንግሊዝኛው ቃል ሰው አይሰድብም፤ ዱላውን ያስያዝነው እኛው ነን። ልጅቷ ደግሞ «ሙዱን» አለች እንጂ «ሙድ ያዝኩበት» አላለችም።

አየህ ወንድሜ፣ አንተ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ልጅ ነህ። ቅኔ ውስጥ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲሸከም ኅብር ይባላል። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ብቻ ከጉባኤው አይነሳም፤ ወርቁን ይፈልጋል። አንተ ግን ሰሙን ብቻ ይዘህ ከካፌ ወጣህ!

ቢሆንም አልፈርድብህም። በየቀኑ የሚላገጥበት ሰው ሳቅ በሰማ ቁጥር በሱ የተሳቀ ይመስለዋል። ቁስልህ ያለው ሱቁ ውስጥ ነው፤ ቅጣቱን የተቀበለችው ግን ልጅቷ ናት።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደውልላት። «ለምን ሰደብሽኝ?» ብለህ አትጀምር። «ያን ቀን ሙዱን ስትዪ ምን ማለትሽ ነበር?» በላት። ማላገጧ ከሆነ ከራሷ አፍ ሰምተህ ትወስናለህ። ምስጋና ከነበረ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ ጥፋቷ ቀጥተሃታልና ይቅርታ ጠይቃት።

አንቺም እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ለከተማው አዲስ የሆነን ልጅ በሰው ፊት በአራዳ ቋንቋ አታመስግኚው። «ጨዋነቱን ወደድኩለት» ብትዪ ኖሮ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

ለሱቁ ልጆች ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። «ሙድ ነው እኮ» ይቅርታ አይደለም። ሁለት ሰው የሚስቅበት ጨዋታ ነው፤ አንዱ ስቆ ሌላው አንገቱን ከደፋ ግን ስድብ ነው፤ ስሙን በእንግሊዝኛ ብንጠራውም ያው ስድብ ነው። ወንድሜ፣ ይህንን ሳትቆጣ፣ ግን ፊት ለፊት ንገራቸው።

ለሳምንት ሰው ይበለን!