ከካሜራው በፊት በሩ

በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ በርካታ ሆስፒታሎች፣ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ከአልጋው በላይ ካሜራ ይሰቀላል። ወላጅ ቤቱ ሆኖ በስልኩ ልጁን ያያል። አሠራሩ ወደ ሚዛን አማንና ቴፒ ቢመጣ አልጠላም። ግን ሐኪሙን ያላመነ ወላጅ፣ ካሜራ ስለተሰቀለለት ብቻ አያምንም።

ኦክስጅንን እንውሰድ። "ኦክስጅን ከተደረገለትማ አበቃለት" ሲባል ያልሰማ የለም። ኦክስጅን የሚሰጠው በጠና ለታመመ ነው፤ አንዳንዱ ሳይተርፍ ሲቀር ጥፋቱ የቱቦው ይሆናል። ጅማን ጨምሮ በ5 የአገራችን ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ግን ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ቀዳሚ ገዳይ የመተንፈስ ችግር መሆኑን አሳይቷል። ቤተሰብ የሚፈራው ነገር ልጁ አጥብቆ የሚያስፈልገው ነው ማለት ነው። ይህን ያልተነገረው አባት ቱቦውን በስልኩ ቢያይ ፍርሃቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

ቡና ለቀማ ላይ ምጥ ያጣደፋትን እናት አስቧት። ልጇ "ማሞቂያ ገባ" ተብላለች። የጡቷን ወተት በስኒ አልባ በበሩ ታቀብላለች፤ ወተቱ ልጇ ሆድ መድረሱን ግን አታውቅም። ስትጠይቅ "ደኅና ነው" ይሏታል፣ ያውም በማታውቀው ቋንቋ። ያቺኑ እናት እጇን አስታጥበው ቢያስገቧት፣ ነርሷ አጠገቧ ቆማ ወተቱ በአፍንጫው ቱቦ ሲወርድ ብታሳያትና መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ብታስይዛት፣ ሌላ ማረጋገጫ ምን ያደርግላታል?

እናትን ማስገባት ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ሕክምናም ነው። ልጅን ከእናት ደረት ጋር ገላ ለገላ ማቀፍ፣ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ውስጥ የተጀመረው የማሞቂያ ሣጥን ስላነሰ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ4 የአፍሪካ አገሮችና በህንድ ያስጠናው ጥናት ውጤት በ2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ክብደታቸው ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ የሆኑ ሕፃናት እንደተወለዱ ወዲያው ሲታቀፉ ሞት በ25 በመቶ ገደማ መቀነሱ ታየ። እናቶቹም ከልጆቻቸው ጋር እዚያው ጽኑ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነበሩ።

"ቦታው ጠባብ ነው፣ ነርሶቹ ጥቂት ናቸው፣ ኢንፌክሽን ይገባል" ይባላል። እውነት ነው። ግን እጅ መታጠብን ማስተማር ካሜራ ከመግዛት ይረክሳል፤ የሠለጠነች እናትም የነርሷን ሥራ ታቀላለች እንጂ አትጨምርም።

በየቀኑ በታወቀ ሰዓት አንድ ባለሙያ ወላጆችን ሰብስቦ፣ በቤንችኛም በካፊኛም የሚያስተረጉም ሰው ይዞ፣ የተሻለውንም የባሰውንም ይንገራቸው። የባሰውን ቀድሞ የሰማ ቤተሰብ ክፉ ቀን ሲመጣ "ደበቁኝ" አይልም። ከዚያ በኋላ ሥራ ይዞት ቴፒ ለቀረው አባት ነርሷ በቪዲዮ ልጁን እያሳየች ብታስረዳው፣ ያኔ ካሜራው ሥራ ሠራ እላለሁ።