የተዋጀ ሰው ለገበያ አይቀርብም

«መድኃኔዓለም ወራጅ አለ!»

ቦሌ ላይ ይህ ድምፅ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማ የሚቆጥር የለም። ረዳቱ በሩን ይከፍታል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ታክሲው ይሄዳል። ካቴድራሉ በካፌዎችና በገበያ ማዕከሎች መካከል ቆሟል፤ ስሙ ግን የፌርማታ ስም ሆኗል። «የዓለም መድኃኒት» ማለት እንደሆነ አስቦ የሚወርድ ጥቂት ነው።

ዛሬ ከእምነቱም «ወራጅ አለ» የሚሉ ወጣቶች አሉ። የሚሰማቸው ካገኙ ምክንያታቸውን ይናገራሉ። ከገርጂ እስከ ሲኤምሲና አያት፣ በኪራይ አዳራሽ ትንቢት ይታወጃል፤ ከትንቢቱ ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይወጣል። በአንዳንድ ደብር አገልጋዮች በሙዳየ ምጽዋት ገንዘብ ይካሰሳሉ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ነው፦ አንድ መስቀል የሚሳለሙ፣ አንድ ጾም የሚጾሙ ሰዎች ተገዳደሉ። ይህን አይቶ «ታዲያ የዳነው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስድብ አይገባውም። ቤተ ክርስቲያን ከትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ ተጠራጣሪውን ቶማስን የምታስበው በከንቱ አይደለም።

ሆኖም ወጣቱ የናቀው ምን እንደሆነ ለይቶ ማየት ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ የናቀው ንግዱን ነው። «ስጥና ትባረካለህ» ንግድ ነው። ቤዛ ግን ስለ ሌላው የተሰጠ ምትክ፣ ምርኮኛን ለማስለቀቅ የተከፈለ ዋጋ ማለት ነው። ከፋዩ ሌላ፣ ነጻ የሚወጣው ሌላ። ተከፍሎ ያለቀውን ዋጋ ከምእመኑ ዳግም የሚያስከፍል ሰባኪ፣ ሰበክሁ የሚለውን ቤዛነት ራሱ ይሽረዋል።

ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቦሌ መድኃኔዓለም ብዙም ሳይርቅ ዑራኤል አለ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ በዑራኤል መካነ ኢየሱስ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መርተው ሲወጡ ታፈኑ። ከዚያ በፊትም ታስረው ያውቃሉ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከሀገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር፤ ምእመኖቻቸውን ትተው አልሄዱም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ገደማ ታሰሩ። የቄሱ አስከሬን የት እንዳለ የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

በዚያው ክረምት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታስረው ነበር፤ ከተከሰሱበት ነገር አንዱ መንግሥት ሳያውቅ ጳጳሳት ሾሙ የሚል ነው። ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ዐረፈ። በትምህርተ ሃይማኖት የሚለያዩ ሁለት አባቶች፣ በአንድ ክረምት፣ በአንድ መንግሥት እጅ ሞቱ።

ተጠራጣሪው እዚህ ላይ ጠንካራ መልስ አለው፦ ለኢሕአፓ ብለው የሞቱ ወጣቶችም ብዙ ናቸው፤ መሞት የእምነትን እውነትነት አያረጋግጥም። ልክ ነው። የጉዲና ሞት የክርስቶስን መነሣት በማስረጃነት አያስረዳም። የሚያሳየው ዋጋው እንደተከፈለለት የሚያምን ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ነው። ጉዲና ሚስትና ልጆች ነበሯቸው፤ የሚያጡት ነገር ነበራቸው። ግን አንዴ የተዋጀ ሰው ተመልሶ ለገበያ አይቀርብም። ሥልጣን አይገዛውም፣ ፍርሃትም አይሸጠውም። ጽናት የሚባለው ይህ ነው።

ይሁንና ጽናትን ለሰማዕታት ብቻ መተው ጥሩ ማምለጫ ይሆናል። ለብዙው የቦሌ ምእመን ዛሬ በሌሊት በር የሚያንኳኳ ካድሬ የለም። ፈተናው በቀን፣ ቢሮ ውስጥ ይመጣል፦ የተጋነነ ደረሰኝ ላይ ፈርም ሲባል፣ የሌላ ሰው የኮንዶሚኒየም ቤት በጉቦ ውሰድ ሲባል፣ በሌላው ብሔር ላይ ጥላቻ የሚረጭ ጽሑፍ ሼር አድርግ ሲባል። እሑድ «ቤዛዬ ነህ» ብሎ የዘመረ ሰው ሰኞ በስንት ብር እንደሚገዛ የሚታወቀው እዚያ ነው። ተጠራጣሪውም የሚመለከተው ሰኞን ነው።

ስለዚህ ቤተ እምነቶች ክርክር በማሸነፍ ወጣቱን አይመልሱትም። የባንክ ቁጥሩን ከስክሪኑ አውርደው የገቢና የወጪ ሒሳቡን ይለጥፉ። የሚጠይቀውን ወጣት ሳይገሥጹ ይስሙት። የሕክምና ዕዳ የያዘውን ታካሚ፣ የራሳቸው አባል ባይሆንም፣ ከፍለው ያስወጡት።

ስለ ሌላው የተከፈለ ዋጋ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ቤዛ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ መዝገበ ቃላት አይገልጥም።