«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ስለሚባለው ነገር

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች በሱቅ ግድግዳ ላይ፥ በደረሰኝም ግርጌ፥ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ቃል ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። ከተለመደም ብዙ ዘመን ስለ ሆነው፥ ገዢው እንደ ሕግ አድርጎ ተቀብሎታል፤ ሻጩም ከየት የመጣ ቃል እንደ ሆነ ሳይመረምር እንደ ሕግ ይጠቅሰዋል። ነገር ግን ይህ ቃል የነጋዴ ማስታወቂያ ነው እንጂ የሕግ ቃል አይደለም። ዛሬ ደግሞ ንግዱ ከሱቅ ወጥቶ ወደ ኢንተርኔት ስለ ገባ፥ ቃሉም ከግድግዳው ተነሥቶ በቴሌግራም ገበያ ላይ ተሰቅሏል፤ በዚያም የሚያደርሰው ጉዳት ከቀድሞው ይልቅ የከፋ ሆኖ ይታያል።

ቃሉ ሲጀመር ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ያያል፤ ኮርቻ ጭኖ አካሄዷን ይፈትናል፤ ሰኮናዋንም አንሥቶ ይመለከታል። ጤፍ የሚሸምት ሰው እጁን እስከ ጆንያው ወገብ ሰዶ ከታች ያለውን እፍኝ ያወጣል፤ በመዳፉም ላይ አሸት አሸት አድርጎ ገለባና አፈር እንዳለበት ይመረምራል። ቅቤ የሚገዛ ያሸታል፤ ሸማ የሚገዛም ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ድሩንና ማጉን ያያል። ይህን ሁሉ አድርጎ፥ ተከራክሮና ዋጋውን ቆርጦ ከወሰደ በኋላ በማግሥቱ ተመልሶ ገንዘቤን አምጣ ቢል፥ ነጋዴው «ዓይንህ የት ነበረ?» ብሎ ቢመልስለት የሚነቅፈው ብዙ ሰው አልነበረም። በዚያም ዘመን ቢሆን ነገሩ ለሻጭ ፈቃድ ብቻ የተተወ እንዳልነበረ፥ በፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ መጻፉ ያስረዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ የሸጠው ዕቃ እንደ ውሉ የሆነና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ መድን እንዲሆን ደንግጓል። ገዢውም ዕቃውን እንደ ተመቸው ወዲያውኑ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ አዟል።

እንግዲህ የነገሩ ሥር ያለው በመመርመር ላይ ነው። በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው የሚያየው ዕቃውን ሳይሆን የዕቃውን ሥዕል ነው፤ ሥዕሉም ብዙ ጊዜ ሻጩ ራሱ ያነሣው ሳይሆን ከውጭ አገር ፋብሪካ ማስታወቂያ የተወሰደ ነው። ለምሳሌ አንዲት የደብረ ማርቆስ መምህርት ለልጇ ጫማ ከአንድ የቴሌግራም ነጋዴ መርጣ፥ 2,500 ብር በቴሌብር ልካ፥ ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ቢደርሳት፥ ቁጥር 38 የተባለው 36 ሆኖ፥ ቆዳ የተባለውም ላስቲክ ሆኖ ብታገኘው፥ ዕቃውን ለመመርመር የቻለችበት የመጀመሪያው ሰዓት ገንዘቡ ከእጅዋ ከወጣ በኋላ ነው። በቅሎ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ያደረገውን ፈተና እርስዋ ከከፈለች በኋላ ታደርገዋለች። ወደ ሻጩ ስትጽፍ መጀመሪያ «ፎቶውን አይተሽ የመረጥሽው አንቺ ነሽ» ይላታል፤ ቀጥሎ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላታል፤ በመጨረሻም መልእክቷ እንዳይደርሰው አድርጎ ይዘጋባታል። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አዲስ አበባ ገብታ ሱቁን ብትፈልግም፥ ሱቅ የሌለው ነጋዴ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የቀድሞው ቃል ምክንያቱን ሁሉ አጥቶ፥ የቀረው ማስፈራሪያነቱ ብቻ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን አስቀድመው አስተውለዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2006 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት በኢንተርኔት የገዛ ሰው ዕቃው ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ውሉን ሊተው ይችላል። ነጋዴውም መተዉ በተነገረው በ14 ቀን ውስጥ ዋጋውንና መጀመሪያ ዕቃውን ለማድረስ የተከፈለውን የተለመደ የማጓጓዣ ገንዘብ ይመልሳል፤ ነገር ግን ዕቃው ወይም የመላኩ ማስረጃ እስኪደርሰው ድረስ ገንዘቡን ሊይዝ ይችላል። ዕቃውን መልሶ የሚልክበትን ኪሣራ ግን፥ ነጋዴው እከፍላለሁ ካላለ በቀር፥ ገዢው ይችላል። ነጋዴው ይህን መብት ለገዢው ያላስታወቀ እንደ ሆነ ጊዜው በ12 ወር ይረዝምበታል። የሚበላሽ ምግብ፥ በገዢው ልክ የተሠራ ዕቃ፥ ለጤና ሲባል ታሽጎ መጥቶ እሽጉ የተፈታ ዕቃ ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ሕጉ ይህን የሚያደርግበት ምክንያት ለገዢው ለማድላት አይደለም፤ በሱቅ ውስጥ በእጁ ዳስሶ ሊያደርገው ይችል የነበረውን ምርመራ በቤቱ እንዲያደርገው ጊዜ ለመስጠት ነው።

የቻይና ነገር ደግሞ ለኢትዮጵያ ሰው የበለጠ የሚያስገርም ነው። በዚያው በ2006 ዓ.ም. የጸናው የተሻሻለው የቻይና የሸማቾች ሕግ፥ በኢንተርኔት፥ በቴሌቪዥን፥ በስልክና በፖስታ የገዛ ሰው በ7 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት እንዲመልስ ይፈቅድለታል፤ ዕቃው ግን ያልተበላሸ መሆን አለበት። በመርካቶ የሚሸጠው የስልክ ዕቃ፥ ጫማና ልብስ አብዛኛው ከዚያው አገር የሚመጣ ነው። አንዱ ፋብሪካ የሠራውን አንዱን ጫማ የቤጂንግ ገዢ መልሶ ገንዘቡን ሲቀበል፥ የአዲስ አበባው ገዢ አይመለስም ይባላል። ጫማው አንድ ሲሆን የገዢው ክብር ለምን ሁለት ይሆናል?

በአሜሪካ ግን ነገሩ ልዩ ነው፤ በዚያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕጉ የሚያስገድድ ይመስላቸዋል። የፌዴራሉ ሕግ በኢንተርኔት የተገዛ ደኅና ዕቃ ሁሉ ይመለስ ብሎ አያዝዝም፤ ዕቃውን የሚቀበሉት ነጋዴዎቹ ራሳቸው ባወጡት ደንብ ነው። ይህን የሚያደርጉትም ለምጽዋት አይደለም፤ መልሶ የሚቀበል ነጋዴ ብዙ ገዢ እንደሚያገኝ ስለ ተረዱ ነው። ይህን የኢትዮጵያ ነጋዴም ቢያስብበት መልካም ነው።

በኢትዮጵያም ሕግ አልጠፋም። በዚያችው በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፥ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት፥ አማርጦ የመግዛት፥ በአክብሮት የመስተናገድ፥ በግብይቱም ምክንያት ጉዳት ቢደርስበት ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ቢያገኝም በአዋጁ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። (ሸማች የሚለው ቃል ቀድሞ እህል ለሚገዛ ሰው የሚነገር ነበረ፤ አሁን በአዋጅ ለገዢ ሁሉ ሆኗል።) በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ የተላከ መልእክት በሕግ ፊት ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። ስለዚህ በስልክ የተጻፈ ነገር ወረቀት አይደለም ተብሎ የሚናቅ አይደለም። አዋጅ የሰጠውን መብት ሻጩ በግድግዳው ላይ በለጠፈው ወይም በገጹ ላይ በጻፈው አንድ መሥመር ሊሽረው አይችልም።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን አለማቀላቀል ይገባል። የተበላሸ ወይም ከተነገረው የተለየ ዕቃ ይመለስ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ደኅናውን ዕቃ ልቤ ስለ ተለወጠ ይመለስ ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ትክክለኛ ፍርድ ስለ ሆነ ሻጩ ሊከራከርበት አይገባውም። ሁለተኛው ግን በውልና በተነገረ ደንብ የሚወሰን ነው። ቀሚስ ገዝታ ለሠርግ ከለበሰች በኋላ ሰኞ ቀን «አልወደድሁትም» ብላ የምትልክ፥ ስልክ ጥሎ መስተዋቱን ከሰበረ በኋላ «እንዲህ ሆኖ መጣልኝ» የሚል ገዢም አለ። እንዲህ ያለው ሰው ከሐሰተኛው ነጋዴ አይለይም፤ በእርሱም ምክንያት ነጋዴዎች በደኅናው ገዢ ላይ ልባቸውን ያጸናሉ።

ከዚህም ሌላ ገዢዎች ራሳቸው መብታቸውን በእጃቸው የሚጥሉበት መንገድ አለ። ይኸውም ዋጋ ይቀነስልኝ ሲሉ ደረሰኝ አልፈልግም ማለታቸው ነው። ደረሰኝ የማይሰጥ ነጋዴ የመንግሥትን ግብር ሲሰውር፥ ደረሰኝ የማይቀበል ገዢ ደግሞ የራሱን ምስክር ይገድላል። በኋላ ክርክር በተነሣ ጊዜ ዕቃውን ከዚያ ሰው ለመግዛቱ ማን ይመሰክርለታል? የቴሌብር የክፍያ መልእክት ገንዘቡ መሄዱን ያስረዳል እንጂ ምን እንደ ተገዛ አይናገርም። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ከመክፈሉ አስቀድሞ የማስታወቂያውን ሥዕልና የጽሑፍ ንግግሩን የስልኩን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ያስቀምጣል፤ በቴሌግራም ሻጩ የጻፈውን ከሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ይችላልና። ዕቃው ሲደርስም መልእክተኛው ሳይሄድ ፈትቶ ማየት ይገባል። ጉድለት ቢገኝ በቃል ከመነታረክ ይልቅ፥ ጉድለቱ ምን እንደ ሆነ፥ ይለወጥ ወይስ ዋጋው ይመለስ እንደሚል ዘርዝሮ በዚያው ቀን መጻፍ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ዕቃው በእጅ ሲገባ መክፈል ነው፤ በዚህ አሠራር የበቅሎው ገበያ ፈተና ወደ ቦታው ይመለሳልና።

አሁን የሚቀረው የሹማምንቱ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥልጣን እንደ ገና ሲደለደል የሸማቾች ጥበቃ ሥራ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገብቷል። ነገር ግን መምህርቲቱ የምታውቀው ሚኒስቴሩን አይደለም፤ የወረዳዋን ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። በዚያ ያለው ሹም «ሻጩ አዲስ አበባ ነውና እዚያው ሂጂ» ቢላት፥ ወይም ለ2,500 ብር ጫማ ጠበቃ ይዘሽ ክሰሺ ቢላት፥ አዋጁ ለእርስዋ አልወጣም ማለት ነው። አቤቱታው ባለበት ተቀብሎ፥ ሻጩ ወዳለበት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ወይም በኢንተርኔት ማስተላለፍ ብዙ ድካም የሚያመጣ ሥራ አይደለም። ንግዱ በአንድ ሌሊት ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ የሚደርስ ሲሆን፥ አቤቱታው በእግር እንዲመለስ ማድረግ ለመንግሥት ሥራ የማይስማማ ነው። ያለ ንግድ ፈቃድ በኢንተርኔት የሚሸጠውንም ፈልጎ ስሙንና አድራሻውን እንዲገልጥ ማስገደድ ያስፈልጋል፤ ስሙ ያልታወቀ ሰው ዕቃ መልስ ተብሎ አይታዘዝምና።

ካህናቱም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። ነቢዩ አሞጽ መስፈሪያ ስለሚያሳንሱ ነጋዴዎች የተናገረውን በየጊዜው ያነባሉ፤ ያስተምራሉም። ነገር ግን ዛሬ ሚዛኑ የሚሰረቀው በሥዕል ነው፤ አንዱን አሳይቶ ሌላውን መላክ ያው የመስፈሪያ ማሳነስ መሆኑን ለንስሐ ልጆቻቸው ገልጠው ካላስረዱ፥ ነጋዴው በዕለተ ሰንበት አሥራቱን እየሰጠ፥ ሰኞ የገዢውን መልእክት ዘግቶ ይውላል። ብዙው ነገር ደግሞ ችሎት ሳይደርስ በሽምግልና ሊያልቅ የሚችል ነው፤ ሽማግሌውም የሚያስታርቀው ግማሹን አስቀርቶ ግማሹን በማስመለስ መሆን የለበትም። ጉድለት ያለበት ዕቃ ዋጋ ሙሉውን ነው የሚመለሰው።

ስለ ግድግዳው ጽሑፍም ቢሆን የሚሠራ ነገር አለ። ነጋዴዎች የደረሰኝ ጥራዝ ለማሳተም ወደ ግብር መሥሪያ ቤት ፈቃድ ለመጠየቅ በሚመጡበት ጊዜ፥ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው መሥመር ከግርጌው እንዲወጣና በምትኩ ጉድለት ያለበት ዕቃ በስንት ቀን ውስጥ፥ በየትኛው አድራሻ እንደሚመለስ እንዲጻፍ ቢታዘዝ፥ ሥራው ከሚቀጥለው ኅትመት ሊጀመር ይችላል።