«እጸልይልሃለሁ» ማለት መጸለይ አይደለም

በአጥቢያዎቻችን በብዛት የሚነገረው ውሸት የትኛው ነው ብትሉኝ ሳላመነታ እመልሳለሁ፤ «እጸልይልሃለሁ» የሚለው ነው። እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ እጅ እየተጨባበጥን እንለዋለን። በቴሌግራም ግሩፓችን የአንዲት እህት እናት ሆስፒታል መግባቷ ሲነገር አርባ ሰው የተጋጠሙ እጆች ምስል ይልካል። ከአርባው ስንቱ ስልኩን አስቀምጦ ተንበረከከ? ምስሉ ራሱ ጸሎቱ ሆኖ ቀረ። የታመመችው እናትም አርባ ሰው የጸለየላት እየመሰላት ማንም ሳይጸልይላት ታድራለች።

ይህ ጽሑፍ ጸሎት ምን እንደሆነ ለማያውቁ የተጻፈ አይደለም። ስለ ጸሎት ብዙ ለሰማን፣ ብዙ ለተማርን፣ ትምህርቱን በማስታወሻ ደብተር ጽፈን ለያዝን ወጣቶች ነው። ችግራችን አለማወቅ ቢሆን ኖሮ አንድ ሴሚናር ይፈታው ነበር።

የአጥቢያችንን ሳምንት እንመልከት። እሑድ መቀመጫ ይጠፋል። የኮንፈረንስ ሰሞን ግቢው በድንኳን ይሞላል። ረቡዕ ማታ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ግን ነጠላቸውን ያጣፉ ጥቂት እናቶችና ሁለት ሽማግሌዎች ይገኛሉ። ወጣቱ የት ነው? የኅብረቱ መሪዎች ስብሰባ ላይ ናቸው። መዘምራኑ ልምምድ ላይ ናቸው። ለአንድ መዝሙር ድምፅ ለመለየት ሁለት ሰዓት አይበዛባቸውም፤ መጨረሻ ላይ ግን «ሰዓት ስለሄደብን አጠር አድርገን እንጸልይ» ይባላል። ሰዓቱ ሁልጊዜ የሚሄደው ጸሎት ላይ ሲደረስ ብቻ መሆኑ አይገርምም?

ጸሎት የፕሮግራም መክፈቻና መዝጊያ ሆኗል፤ እንደ በር። በር ላይ ደግሞ ማንም አይኖርም፣ ያልፍበታል እንጂ። ከዚህም የከፋ አለ። «እስቲ ሁላችን ዓይናችንን እንጨፍን» የሚባለው ብዙ ጊዜ ኪቦርድ ተጫዋቹ ቦታውን እስኪይዝና ኳየሩ መድረክ እስኪወጣ ነው። ዓይን ሲገለጥ ሁሉም በየቦታው ተሰልፏል። ከሰማይና ከምድር ጌታ ጋር የምንነጋገርበትን ጊዜ ማይክ ማስተካከያ አድርገነዋል።

የሎዶቅያን ቤተ ክርስቲያን አስቡ (ራእይ 3፥14-22)። ከተማዋ ሀብታም ነበረች። በጥቁር ሱፍ ንግድና በዓይን መድኃኒት የታወቀች ነበረች። በ60 ዓ.ም. ገደማ በምድር መናወጥ ስትፈርስ ያለ ሮም መንግሥት እርዳታ በራሷ ገንዘብ ተሠራች። ጎረቤቷ ኢያራጶሊስ የታወቀ ፍል ውኃ ነበራት። ሎዶቅያ ግን ውኃዋን የምታገኘው ከሩቅ በድንጋይ ቧንቧ ነበር። ጌታ ሙቅም ቀዝቃዛም አይደላችሁም ሲላቸው ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቷቸዋል። ልብ በሉ፤ በዚያ መልእክት ውስጥ የምንፍቅና ክስ የለም። ስደትም አይነሳም። የጉባኤው ኃጢአት ምንም አያስፈልገኝም ማለቱ ነበር። ምንም የማያስፈልገው ሰው ደግሞ አይጸልይም። ጌታ በደጅ ቆሞ ያንኳኳል የሚለውን ቃል ለወንጌል ስርጭት ስንወጣ ላላመኑት እንጠቅሰዋለን፤ የተጻፈው ግን ለቤተ ክርስቲያን ነው። ፕሮግራሙ በውስጥ ይካሄዳል፣ ባለቤቱ በውጭ ቆሟል።

እኛ ይህን ወንጌል የተቀበልነው በምቾት አልነበረም። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ የቀሩት የተጠመቁ አማኞች መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ ጸለዩ። ሚስዮናውያኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል አማኞች ለአምልኮ በመሰብሰባቸው በአዲስ አበባ በጅምላ ታሰሩ። በደርግ ዘመን የጸሎት ቤቶች ተወርሰው ለሌላ አገልግሎት ሲውሉ ምዕመናን በየመኖሪያ ቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው፣ መጋረጃ ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር መውጣት ሲችሉ ከመንጋዬ አልለይም ብለው ቀሩ፤ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ።

ያ ትውልድ ግንብ አልነበረውም፤ ጸሎት ነበረው። እኛ ግንብ አለን፤ ድምፅ ማጉያ አለን፤ በቀጥታ ስርጭት የሚተላለፍ አምልኮ አለን። የእነርሱን ታሪክ በየምስረታ በዓሉ በስላይድ እናሳያለን፣ እናጨበጭባለን፣ ኬክ ቆርሰን እንበታተናለን። የአባት ጀግንነት ልጅን ጀግና አያደርግም። የአባት ጸሎትም የልጅን ጉልበት አያንበረክክም።

ለዚህ ሁሉ መልስ እንዳለን አውቃለሁ። «እኔ ቤቴ እጸልያለሁ» የሚል ይኖራል። መልካም ነው፤ ጌታ ራሱ በርህን ዝጋ ብሎ አስተምሯል። ነገር ግን ይህን የሚል ሰው ለመዝሙር «ቤቴ እዘምራለሁ» ብሎ አያውቅም። ለሠርግም «ቤቴ ሆኜ ደስ ይለኛል» ብሎ አይቀርም። በሩን ዘግተው የሚጸልዩ ሰዎች አብረው ለመጸለይ ይሮጣሉ እንጂ አይሸሹም።

«ጊዜ የለኝም» የሚልም አለ። የስልክህን የአጠቃቀም ቁጥር ክፈትና ትናንት ለቲክቶክ ስንት ሰዓት እንደሰጠህ እይ። እኔ ምንም አልጨምርም።

«ጸሎቴ ደካማ ነው፣ እምነት ያንሰኛል» የምትዪ እህቴ፣ አንቺን አልገሥጽም። ሐዋርያት ሥራ 12ን አንብቢ። ጉባኤው በማርያም ቤት ተሰብስቦ ለጴጥሮስ ሲጸልይ፣ ጴጥሮስ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ፣ ሮዴ የምትባለው ልጅ ብትነግራቸው አላመኗትም። እብድ አሏት። እምነታቸው ያን ያህል ትንሽ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሌሊት ተሰብስበው ነበር፤ እግዚአብሔርም ሰማቸው። እርሱ ፍጹም ጸሎት የሚችሉ ሰዎችን እስኪያገኝ አልጠበቀም።

አንዳንዶቻችን ደግሞ ጸሎትን እንደ ልብስ ስፌት ለባለሙያ ሰጥተነዋል። የትዳር ጓደኛችንን እንዲነግረን፣ ቪዛችን ይሳካ እንደሆነ እንዲያይልን «የጸሎት ሰው» ቤት እንሰለፋለን። ከአባታችን ጋር ለመነጋገር ደላላ ፈለግን። የተቀደደው መጋረጃ ግን ለአንድ ነቢይ ብቻ አልተቀደደም።

ጩኸትንም ከትጋት ጋር አናምታታ። በቀርሜሎስ ከጥዋት እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ የጮኹት የበኣል ነቢያት ነበሩ። የኤልያስ ጸሎት አጭር ነበር። ላብና የጎረነነ ድምፅ የጸሎት ማረጋገጫ አይደሉም። ኢሳይያስ 58 እንደሚያስተምረን ለተራበው እንጀራ የማይቆርስ ጾምም እግዚአብሔር የመረጠው ጾም አይደለም። ከአጥቢያችን ደጅ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች ልጅ አዝለው ቆመው፣ እኛ በውስጥ «በረከት ጨምርልን» ብቻ የምንል ከሆነ የጸሎታችን ማነስ ብቻ ሳይሆን የጸሎታችን ዓይነትም ንስሓ ያስፈልገዋል። በእውነት የሚጸልይ ሰው ስለ ጸለየለት ሰው እጁን መዘርጋቱ አይቀርም። በስሙ እየጠራ ሲጸልይለት የከረመውን ሰው በደጅ አልፎት መግባት አይችልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አዲስ ዘመቻ አልጠይቅም። የአርባ ቀን ፕሮግራም፣ ቲሸርትና ባነር ይቅር። ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ «እጸልይልሃለሁ» ከማለት ይልቅ እዚያው ቆመን እንጸልይ፤ ካልቻልን ቃሉን አንናገረው። ሁለተኛ፣ የኅብረት መሪዎችና መዘምራን ረቡዕ ማታ ስብሰባና ልምምድ አይያዙ። ኅብረቱ የሚያክለውን ሰዓት ሳያከብር ሌላው ያከብራል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ሦስተኛ፣ እነዚያ እናቶች ሳያልፉ አጠገባቸው ሄደን እንንበርከክ። ዓመታት ሙሉ በስማችን እየጠሩ ጸልየውልናል። እኛ የብዙዎቹን ስም እንኳ አናውቅም።

እነርሱ አንድ ቀን ይጠራሉ። የዚያን ሳምንት ረቡዕ የጸሎት ቤታችን መብራት ይበራ ይሆን? መልሱ ከሽማግሌዎች ጉባኤ አይመጣም። ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች ነው የሚመጣው፤ በሚቀጥለው ረቡዕ፣ ማታ።